የጸሐፊው ወንበር

የካቲት 4

ዛሬም እንደ ወትሮው። የንፋስ መውጫ ብርድ... የቀለም ብልቃጡን ብብቴ ውስጥ አሞቅሁት።

ከአዲስ አበባ ወደ መሥሪያ ቤታችን አሠልጣኝ መጥተዋል፤ አቶ ተክለሃይማኖት ይባላሉ። ሠራተኛ ሁሉ ቀልጣፋ መሆን አለበት አሉ። አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲተካው ለአንድ ሳምንት ሥራ እንለዋወጣለን። አለቃችን ግራዝማችም ሳይቀሩ። ጥሩ ሐሳብ ነው።

ሽማግሌዎቼ ከአርብ ገበያ ተመለሱ። ቀኛዝማች ቢሻው እሺ ብለዋል! «ልጄን ደጊቱን ለንፋስ መውጫው ጸሐፊ ሰጥቻለሁ» ብለው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ። ያየኋት ጥምቀት ዕለት አንዴ ነው... ግን ወድጃታለሁ። እሷስ አይታኝ ይሆን?

የካቲት 6

ዕጣ ወጣ። ዘበኛው ጌጡ ጸሐፊ፣ እኔ ዘበኛ፣ ጠራጊዋ እትዬ ስንዱ አለቃ፣ ግራዝማች ተላላኪ። ስምም በወንበር ሆነ፤ ጸሐፊ ተብሎ የተጠራ ጸሐፊ ነኝ ማለት አለበት። ጌጡ ኮቴን ለበሰ፣ እኔ ካፖርቱን። አንድ ሳምንት ምን አላት?

የካቲት 8

እትዬ ስንዱ ጫማውን ያላወለቀ እንዳይገባ አዘዘች። ጌጡ በየማመልከቻው ላይ «ታይቷል» ይጽፋል። ሌላ ነገር መጻፍ አልለመደም። ባለጉዳይ ግን እየመረቀው ይሄዳል... ግራዝማች ፖስታ ይዘው በበቅሎ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ሄዱ። እያፏጩ።

የካቲት 10

ጉድ። ቀኛዝማች ቢሻው ራሳቸው መጡ፣ አማቻቸውን በዓይናቸው ሊያዩ። እኔን አያውቁኝም፤ ነገሩን የያዙት ሽማግሌዎች ናቸው። ከሠርግ በፊት ደግሞ አማት ፊት መቆም ነውር ነው። ቆቤን ዓይኔ ላይ ደፋሁ።

«አንተ ዘበኛ፣ ጸሐፊው እንዴት ያለ ሰው ነው?»

ምን ልበል? አመሰገንሁት። የማይሰክር፣ ጉቦ የማይበላ፣ ሰው አክባሪ... ስለ ራሴ አይደል፣ እውነቴን ነበር። ገቡ። ጌጡ ኮቴን ለብሶ፣ ረጋ ብሎ ይጽፋል። ጸሐፊው አንተ ነህ ወይ አሉት። አሠልጣኙ አጠገቡ ቆመዋል። ነኝ አለ። ግንባሩን ሳሙት።

የካቲት 13

ሳምንቱ አለቀ። አሠልጣኙ አመስግነውን ሄዱ፤ ወደ ቦታችን የሚመልሰን ትእዛዝ ግን አልጻፉም። ግራዝማች እንዳይጽፉ አልተመለሱም። ከእስቴ የመጣ ነጋዴ በቅሎ ላይ ሆነው ሲያንጎራጉሩ አየኋቸው አለ።

የካቲት 20

ነውሩን ትቼ አርብ ገበያ ወረድሁ። ጸሐፊው እኔ ነኝ አልኋቸው። ቀኛዝማች አዘኑልኝ።

«ያን ዕለት እውነቱን ነገርኸኝ። ዛሬ ምን ነካህ? ቀናህበት?»

ሽማግሌዎቼም ተቀምጠው መከሩ። ልጅቱን የጠየቅነው ለጸሐፊው ነው፣ አሁን ብንለውጥ ውሸታም እንባላለን አሉ። የኔ ሽማግሌዎች እኮ ናቸው! መንገድ ላይ አለቀስሁ።

መጋቢት 2

ጌጡ አቀርቅሮ መጣ። «ጌታዬ፣ ምን ላድርግ? ግንባሬን ስመውኛል» አለ። እንቢ በላቸው አልሁት። ኮቴን ቆላልፎ ወደ ቢሮው ገባ... ወንበሩን ለምዶታል መሰለኝ።

ወደ ሥራዬ እንድመለስ ማመልከቻ ጻፍሁ። ጫማዬን አውልቄ ለእትዬ ስንዱ አቀረብሁ። አገላብጣ አየችው። ጸሐፊው ይመልከተው አለች።

መጋቢት 19

መልስ የለም። ካፖርቱ ይሞቃል።

ሚያዝያ 27

ሠርጉ ዛሬ ነበር። ጌጡ ሚዜ ሁነኝ አለኝ። ሠልጥነህ የለም ወይ፣ ሁሉን ትችላለህ አለ። ያሾፈ አይመስለኝም። ቀኛዝማች ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ ለእንግዳው ሁሉ «ይሄ ነው የመሰከረለት» እያሉ አሳዩኝ።

ከሙሽራው ኋላ ጃንጥላ ይዤ ቆምሁ። ደጊቱ ሻሿን ገለጥ አድርጋ መጀመሪያ ጌጡን አየች፣ ቀጥላ እኔን። እያየችኝ ቆየች። አወቀችኝ... ጥምቀት ዕለት አይታኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው?

ግንቦት 2

ጌጡ ጧት ሲገባ በሩን ከፈትሁለት። «አንተ፣ ማመልከቻህ አለቀ» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። «ታይቷል» ይላል። እጅ ጽሕፈቱ አምሮለታል።

እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ አልሁት።