ሰው ለሌለው መስኮት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የዕቅድና የበጀት ጉዳዮች ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና፣ ለጉልበትዎም ልዩ ብርታት እመኛለሁ። ጉልበትዎን ለብቻው ማንሣቴ እንዳይገርምዎ፤ እኛ ከታች ያለን ሰዎች የሰውን ጤና የምንለካው ደረጃ ሲወጣ አይተን ነው። እኔ በድሮ ሰፈርዎ፣ ከእናትዎ ቤት ጋር አጥር የምጋራው አናጢ ነኝ። በሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ ታላቅ እህቴን በወንበር ተሸክመን ዛሬ ቢሮዎ ወዳለበት ፎቅ ስናወጣት በቀኝ በኩል የነበርኩት ሰው ነኝ። በግራ በኩል የነበሩት እርስዎ ነዎት።

እህቴ፣ እንደሚያስታውሱት፣ ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል። ልጇ ከሞተችባት ወዲህ የልጅ ልጇን የምታሳድገው እሷ ናት። ትምህርት ቤቱም ሕፃኗን በየዓመቱ የሚመዘግበው እህቴ ራሷ ቀርባ የፈረመችበት የሞግዚትነት ማረጋገጫ ሲመጣለት ብቻ ነው፤ የማረጋገጫ ክፍሉ ደግሞ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚያ ቀን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወንበሩን አስቀምጠን ትንፋሽ ስንሰበስብ፣ እርስዎ ላብዎን በእጅጌዎ ጠርገው፣ «እትዬ፣ እኔ እዚህ ቤት አንድ ቀን ወንበር ካገኘሁ ይችን ደረጃ ዳግመኛ አይወጧትም» አሏት። እሷም እጇን ዘርግታ መረቀችዎ። ሰፈሩ «ትከሻው» ብሎ የጠራዎ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ምርቃቱ ሠመረ፤ ወንበሩን አገኙ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር የማቀርበው የመሥሪያ ቤትዎን ወግ ለማክበር ያህል ነው።

፩. ሐሳባችንን ስለጠየቁን አመሰግናለሁ። የአስተዳደር ማሻሻያ ዕቅድ ሲዘጋጅ ሰፈሩን በሙሉ ሰብስበው ምን ይሻሻልላችሁ ሲሉን፣ የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሕንፃው መግቢያ ላይ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱም ኋላ አንድ ሠራተኛ። ወዲያው ተጻፈልን። እኔም ከደስታዬ ብዛት መስኮቱን ከደህና እንጨት ሠርቼ በነጻ ገጠምኩ።

፪. ዕቅዱን ስላናበቡልን አመሰግናለሁ። አንድ ዕቅድ ብቻውን እንደማይቆም፣ ከአገራዊው የልማት ስትራቴጂና ከበጀቱ ጋር መናበብ እንዳለበት በታላቅ ትዕግሥት አስረዱን። ማንም አልተቃወመዎትም፤ በጀት የሌለው ዕቅድ ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን እኛም አናጣውም። ያላወቅነው፣ ሲናበብ ማን እንደሚዘለል ነበር። የዚያ ዓመት ስትራቴጂ ትልቁን ቦታ የሰጠው ለመሠረተ ልማት ስለነበረ፣ መስኮታችንን ከአገልግሎት ምዕራፍ አንሥተው ከግንባታ ምዕራፍ ውስጥ አስገቡት። ግንባታ የሚሠራው በካፒታል በጀት ነው፤ የካፒታል በጀት ደግሞ መስታወት ይገዛል እንጂ ደመወዝ አይከፍልም። ደመወዝ የሚከፈለው ከመደበኛው በጀት ነው፤ እዚያ ደግሞ እኛ አልተጻፍንም። በዚህ ጥበብ መስኮቱ በጀት አገኘ፤ ሠራተኛው ቀረ።

፫. ስለ ውበቱም ማመስገን ይገባኛል። እኔ የሠራሁት የእንጨት መስኮት ተነቅሎ በአሉሚኒየም ተተካ። በተከታዩ ዓመት፣ በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ፣ ከሥሩ እብነ በረድ ተነጠፈለት። ከዚያ ደግሞ የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን መጣ። ማሽኑ እንከን የለውም፤ ለነካው ሁሉ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩን የሚጠራ ግን የለም። አንድ አዛውንት ቁጥራቸውን ጨብጠው በባዶው አዳራሽ ብቻቸውን እስከ ምሳ ሰዓት ከተቀመጡ በኋላ፣ ዛሬ ሰው በዝቷል መሰለኝ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

፬. ሥራው መቶ በመቶ መጠናቀቁን በሪፖርት ስላበሠሩን አመሰግናለሁ። ሠራተኛው በሚቀጥለው ዕቅድ ይግባልን ብለን ስናመለክት፣ የተጠናቀቀ ሥራ ዳግመኛ እንደማይታቀድ ተነገረን። አባባሉ እውነት ስለሆነ አመስግነን ተመለስን።

፭. ይኸኛው ምስጋና አይደለም፤ ቁጥሩ ግን ስለመጣ ይጻፍ። መስኮቱ ከመኖሩ በፊት፣ የማረጋገጫ ክፍሉ ሠራተኛ ደህና ቀን ሲሆንለት መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወርዶ እህቴን ያስፈርማት ነበር። የምንሸከማት እሱ ሳይመቸው ሲቀር ነበር። አሁን ግን ከታች መስኮት ስላለ፣ እሱ መውረዱ የሥራ ድግግሞሽ ተብሎ ተከልክሏል። ሰውየውን አልቀየመውም፤ ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት እህቴን እንደገና በወንበር አወጣናት። በእርስዎ ቦታ የገባው ባለሱቁ ጎረቤታችን ሁለተኛው ፎቅ ላይ እግሩ ተንሸራተተ። የደረጃውን ብረት ይዛ ተረፈች። ከዚያም ልብሷን አስተካክላ፣ እንደ ዕቃ መጫን በቃኝ፣ መልሱኝ አለች። መለስናት። የትምህርት ቤቱ ምዝገባ በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል፤ ልጅቷም ቦርሳዋን አዘጋጅታ መቼ ነው የምትፈርሚልኝ እያለች አያቷን በየቀኑ ትጠይቃታለች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እየሰማሁ ነው ያረጀሁት፤ በእኔ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። በእውነት ከፍቶኛል፣ ክቡር ሆይ። ሌላ ኃላፊ ቢሆን፣ ደረጃውን በጫማው እንጂ በትከሻው አያውቀውም ብዬ እተወው ነበር። እርስዎ ግን የዚያን ወንበር ክብደት ያውቁታል። አውቀው ነው መስኮታችንን ከግንባታ ምዕራፍ ያስገቡት።

በመጨረሻም አንዲት ትሕትና የተሞላባት ልመና አለችኝ፤ እባክዎ መስኮቱን ይድፈኑልን። መስኮት ከሌለ ድግግሞሽ የለም፤ ድግግሞሽ ከሌለ ያ ሠራተኛ መዝገቡን ይዞ ይወርድልናል። መድፈን ግንባታ ስለሆነ ከስትራቴጂውም ከበጀቱም ጋር ይናበባል። ካስቸገረም ጡቡን ሰፈሩ ያዋጣል፤ ግንበኛ ወዳጅ አለኝ፣ በነጻ ይሠራልዎታል። ለሪፖርትዎም መቶ በመቶ የሚጠናቀቅ ነው።

ወደ ላይ አንጋጥጬ፣ ቆቤን አውልቄ፣ እጅ በመንሣት ከፍ ያለ አክብሮቴን እያቀረብኩ እሰናበታለሁ።

የቀኝ በኩል ተሸካሚ፣
አናጢው ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልዘጋ ስል እናትዎ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። የቤታቸውን ካርታ ለማሳደስ እርስዎ ያሉበት ፎቅ ድረስ ራሳቸው መቅረብ አለባቸው፤ ጉልበታቸው ደግሞ ዘንድሮ እንቢ ብሏቸዋል። የእህቴን ወንበር እንዳውሳቸውና እንድሸከማቸው ለመኑኝ፤ «ለልጄ ግን እንዳትነግርብኝ፤ ሥራ ይበዛበታል» ብለው አስማሉኝ። ማልኩላቸው፤ ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ። ለሰኞ ጠዋት ተቀጣጥረናል። በቀኝ በኩል እኔ አለሁ፤ ለግራው ገና ሰው አልጠየቅሁም።