አክስቴ ቨርኔታ ዝም ያሉበት ጠዋት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ሻል አለሽ? አባባ ሳሉ ለቀቀው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እስከ ትናንት ግን ደህና አልነበርኩም።

እንዳትደነግጪ ብዬ በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በኳስ ጨዋታው ቀን ከተመልካች መካከል የተወረወረ ጠርሙስ ሚስተር ኦርቪል የሚባሉትን ጥበቃ ግንባራቸውን ፈነከታቸው። በማግስቱ "የወረወርከው አንተ ነህ፤ ለአንድ ዓመት ታግደሃል" የሚል መልእክት ከዩኒቨርሲቲው መጣልኝ። አጠገባቸው ቆሜ ፎቶ ላይ ታይቻለሁ፤ ማስረጃቸው ይኸው ነው። አንድ ሰው እንኳ "አንተስ ምን ትላለህ?" አላለኝም። ከታገድኩ ደግሞ ነፃ የትምህርት ዕድሉም ቀረ ማለት ነው።

እህትሽ አክስቴ ቨርኔታ ይህን ሲሰሙ የእሁድ ባርኔጣቸውን ደፍተው ዲኑ ቢሮ ገቡ። "ልጁን ሳትጠይቁት ነው የምትቀጡት? ይሄ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አይደለም እንዴ? እኔ የምገብርለት!" አሉ። እኔም ክሱ በዝርዝር እንዲነገረኝ፣ ሸንጎ ፊት ቀርቤ ቃሌን እንድሰጥና ምስክር እንዲጠራልኝ አመለከትኩ። መብቴ ነውና ተፈቀደ። አንድ ሰው አጠገቤ መቀመጥ ይችላል፤ ትንፍሽ ማለት ግን አይችልም ተባለ።

እስቲ አስቢው እማዬ! ፓስተሩ አንድ ቃል ሲናገር ሁለት የሚመልሱት አክስቴ!

ትናንት ጠዋት ሸንጎው ፊት ቀርቤ ሚስተር ኦርቪልን ምስክር ጠራሁ። ለካ እሳቸውንም የጠየቃቸው የለም። "ይሄ ልጅ? ጠርሙሱ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። እሱማ ሮጦ መጥቶ በሻርፑ ደሜን ያቆመልኝ ነው" አሉ። አክስቴ "አሜን! ተናገር ወንድሜ!" ብለው ጮኹ። ሰብሳቢዋ "ወይዘሮ፣ ከደገሙት ይወጣሉ" ስትላቸው፣ ብቻዬን ጥለውኝ እንዳይወጡ ፈርተው መሐረባቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። በሌላ እጃቸው እጄን ጭምቅ አድርገው ይዘውኝ ነበር። እማዬ፣ ካንቺ በቀር እንደዚያ የወደደኝ ሰው የለም።

እገዳው ተነሳልኝ። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ "አሁን መናገር ይችላሉ" አለቻቸው። አክስቴ መሐረቡን አውጥተው አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል ግን አልወጣቸውም። አለቀሱ።

አባባን ሳሚልኝ። እህቴን ጃኔልን ክፍሌን እንዳታተራምስ ንገሪያት። አያቴን በጸሎትሽ ነው የተረፍኩት በይልኝ።

ለምስጋና በዓል አብረን እንመጣለን። አክስቴ "ማዕድ ላይ የማወራው እኔ ነኝ፣ አንተ ትንፍሽ እንዳትል" ብለው አስምለውኛል። ስለዚህ አደራሽን፣ ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚላቸው። የተርኪው ጥብስ ይቀዝቅዝ፣ ግድ የለም፤ እስኪበቃቸው ያውሩ።

ልጅሽ ኮርዴል
ኦሃዮ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2019