በአረፋ ሲቆጠር ስድስት

ሰኞ

ምን አስቸኮለኝ? ከቀበሌ የመጣችው መዝጋቢ «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» ስትለኝ «ስድስት» ብዬ አረፍኩት። ሐያት የተወለደችው በአረፋ ጠዋት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስድስት አረፋ አክብረናል። ሴትዮዋ ጽፋ ስትጨርስ «እስከ ሰኔ መጨረሻ ስድስት የሞላው ሁሉ ለመስከረም አንደኛ ክፍል መግባት ግዴታው ነው። እንደ ድሮው ሰባት አይጠበቅም» አለችኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ልጄ እኮ ገና ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ሽንት ቤት ሆና ትጠራኛለች። ከስፌት ማሽኔ ሥር ካልሆነች አትጫወትም። በዚያ ሁሉ ልጅ መሐል ማን ያያታል?

ማክሰኞ

ባሌ ከድር ለበርበሬ ግዢ ከቡታጅራ ወደ ቆሼ ሊነሳ ሲል ነገርኩት። «ትግባ እንጂ፤ አንቺ በዘጠኝ ዓመትሽ ገብተሽ ምን አተረፍሽ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከክፍሉ ረጅሟ እኔ ነበርኩ፤ ልጆቹ «እትዬ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አፍሬ ስምንተኛን ሳልጨርስ ተውኩት። ታዲያ እሷ ትቆይ የምለው ለምንድን ነው? አላውቅም። ዛሬ አንዱን ቀሚስ ሰፍቼ ተረተርኩ፣ ደግሜ ሰፍቼ ደግሜ ተረተርኩ።

ረቡዕ

ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። «አረፋ እኮ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ነው የሚመጣው። ስድስት አረፋ ስድስት ዓመት አይሞላም። የክትባት ካርዷን እዪው» አሉኝ። ሙስሊሟ እኔ፣ የአረፋን ነገር የሚያስረዱኝ እሳቸው።

ካርዱ ሐምሌ 24 ይላል። በሰኔ መጨረሻ ስድስት ለመሙላት ሃያ አራት ቀን ይጎድላታል። አልሐምዱሊላህ፣ ዳንን አልኩ። ቆይቼ ደግሞ የዳንነው ከምንድን ነው ብዬ ግራ ገባኝ። ለከድር አልነገርኩትም።

ሐሙስ

ካርዱን ይዤ፣ ሐያትን አስከትዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ካርዱን አገላብጦ አየና «ግዴታው አይመለከታትም። ከፈለጋችሁ ግን መግባት ትችላለች። እህቴ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ይቆጣኛል፣ ወይ ስሟን ይሰርዛል ብዬ ነበር የመጣሁት። ይጠይቀኛል ብዬ አላሰብኩም። ወደ ሐያት ዞሬ «ትማሪያለሽ?» አልኳት።

«አንቺም ክፍል ትገቢያለሽ?»

«አይ፣ እኔ እስከ በሩ ድረስ ነኝ።»

ከንፈሯን ነከሰች፤ እንቢ ግን አላለችም። «ስሟ እንዳለ ይሁን» አልኩት። ልክ ልሁን አልሁን አላህ ያውቃል።

ከግቢው ስንወጣ ሁለታችንም አለቀስን። እሷ ቀድማኝ ዝም አለች።