ያወጣሁት ዕጣ

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የእኛና የሾዋክ ሴቶች የቅርጫት ኳስ ውድድር እዚህ ሱዳን፣ እኛ ያለንበት ገዳሪፍ ይሁን ወይስ እነሱ ያሉበት ሾዋክ ከተማ በሚለው መስማማት ስላቃታቸው ሁለቱ አምበሎች የየራሳቸውን ዕጣ ሻሽ ውስጥ ከተቱ፤ የማን ከወጣ በሷ ከተማ ሊሆን። እኔ ፖሊስ አይቼ በጓሮ ስዞር አርፍጄ ደረስኩ።

«ነይ አንቺ ፈሪ፣ ዕጣው ሲከተት ያላየሽ አንቺ ብቻ ነሽ፣ አውጪ!» አለችኝ አምበላችን ለተይ፣ ሁሉም ሳቁብኝ።

ሾዋክ ከሆነ መንገዱ ላይ ኬላ አለ፣ እኔ ደግሞ የስደተኛ ካርድ የለኝም፣ ከያዙኝ ድንበር አሻግረው መተማ ይጥሉኛል። እጄን ስከት አንዱ ጠጠር ነው፣ አንዱ ጥርሱ የተሰበረ የጸጉር መያዣ ነው። የለተይ ነው፣ ትናንት ሹሩባ ስሠራት እኔው ነኝ የሰካሁላት። ዕጣ የእግዜር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን እሱን ይዤ ወጣሁ።

የእኛ ልጆች እልል አሉ። የሾዋኳ አምበል ሰናይት ግን ሻሹን እያጣጠፈች፣

«ኸላስ፣ በቃ፣ እንመጣለን። ሁለት ተጫዋቾቼ ግን ካርድ የላቸውም፣ ኬላውን አያልፉም። እዛ ይሁን ያልኩት ለነሱ ብዬ ነበር» አለች።

ለተይ አንገቷን ደፋች። ሰናይት ግን እኔን አቅፋ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ምን አጠፋሽ፣ ዕጣ ነው» አለችኝ።

ሰናይት ጠጠሯን ትታው ሄደች። እዚህ ደብተሬ ላይ አስቀምጬው ነው የምጽፈው። ለለተይ ብነግራት ዕጣው ይደገማል፣ ተደግሞ ሾዋክ ከወጣ ደግሞ እኔ ኬላው ላይ...