አባትህ አጥር አፍርሶ ያስገባት መኪና

ልጄ፣ በሄድክበት ደግ ሰው ይግጠምህ። እኛ ደህና ነን፤ አባትህ ግን ሊያሳብደኝ ነው። ሠላሳ ዓመት የነዳትን የእሳት አደጋ መኪና፣ አርጅታ ስትሸጥ ገዝቶ፣ አጥር አፍርሶ ግቢ አስገባት። «ታንከሯ ባዶውን ከዋለ ይዝጋል» እያለ ውሃ በመጣ ቁጥር እሷን ይሞላል፤ የእኔ ባልዲ አፉን ከፍቶ ይቀራል።

እኔ ስጣራ የማይሰማ ሰውዬ፣ ሞተሯ ሲያስል «አየር ገብቶባት ነው» ብሎ ምሳውን ጥሎ ይሮጣል። ምን አለ ለእኔ ሳል እንዲህ ቢሮጥ! ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ፣ ጎማዋ እንዳይደርቅ ብሎ ሰፈር ለሰፈር ያዞራታል።

የነካኸው ሁሉ ይባረክልህ። ሳይረን ላክልኝ ካለህ እንዳትሰማው፣ አደራ። ለእኔ ግን ወፍራም ትራስ ላክልኝ፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የጋቢናው ወንበር ሽቦ እየወጋኝ ተቸግሬአለሁ።

እናትህ