በቅሬው መዝገብ የአልታዬ መስመር

ለውድ ወንድሜ ለኪዳን፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ ክረምቱ ሳይገባ ተሻለው ወይ? ባለቤትህ በለጡስ ዓይኗን ታከመች? የጎሬ ዝናብስ ቡናችሁን እንዴት አደረገው? እኔ ለዕድሜዬ ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ስለ ዝናቡ ብቻ አውርቼ ዘጋሁ። እባክህ ተቀምጠህ አንብበው።

ጉዳዩ የልጅህ የአልታዬ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ ከወንዙ ማዶ ባለው ቀበሌያችን ሁለት ሴቶች በወሊድ ሞቱ። አምቡላንሱ ዛሬም የሊቀመንበሩ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ካልደረሰ ከመካነ ሰላም አይነሳም። ሊቀመንበሩ ገበያ ሲወጣ ማኅተሙም በኪሱ አብሮት ይወጣል። የቅሬያችን፣ እናንተ ዘንድ እድር የሚባለው፣ ዳኛ ሁዜይፋ በመጋቢት በሁለተኛዋ ቀብር ላይ "ሥራችን መቅበር ብቻ ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ክርስቲያኑም እስላሙም ተስማማና፣ ደንቡ እንዲነሳ ለመጠየቅ አምስት ሆነን ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄድን።

ኃላፊው ወጣት ነው፤ በትሕትና ተቀበለን። የቅሬ ነገር ድንኳንና ቃሬዛ መሆኑን ግን ሳያስታውሰን አላለፈም። ቀጥሎ ማስረጃ ጠየቀ። እኔም መዝገባችንን በኩራት ዘረጋሁለት፤ የሞተውን ሁሉ ስም፣ ቀንና ምክንያት ከተማ ተቀምጬም ዐሥራ ስምንት ዓመት የጻፍኩበት ነው። ገጽ በገጽ ገልጦ አየና "እማማ፣ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ የሞተው በፈጣሪ ፈቃድ ነው። ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?" አለኝ። ሐዘንተኛን ምክንያት መጠየቅ ነውር ነው ብለን፣ ያንኑ ቃል ስደጋግም ኖሬያለሁ። ጽሕፈቱ ያማረ ነው፤ ለሕያው ግን አልጠቀመም።

ስንወጣ ሁዜይፋ "አብሽሪ እትዬ፣ የተጻፈ ይታረማል" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ለቤት ዞርን። በአራት ዓመት ውስጥ በወሊድ የሞቱብን ዘጠኝ ናቸው። የስምንቱ ቤተሰብ የሆነውን ተናግሮ ፈረመ። አንዲት እናት፣ ልጇ መንገድ ላይ ውሃ ስትለምን ማኅተሙ ሰርግ ቤት እንደ ነበር ስትነግረን አላለቀሰችም። እኔም ቀና ሳልል ጻፍኩ።

የቀረችው አልታዬ ናት። ባሏ አለኸኝ ለመመስከር ዝግጁ ነው። አንተ ግን ለአርባዋ መጥተህ "የእግዜር ፈቃድ ነው፤ በልጄ ሞት ማንም እንዳይወቀስ" ብለሃል። የአባት ቃል ባለቤቱ ካላነሳው ቅሬው አይሽረውም።

ከመወሰንህ በፊት ግን የማታውቀውን እወቅ። ያን ዕለት ማለዳ አለኸኝ የደወለው ለእኔ ነበር። ምጡ እንደ ጠናባት ነግሮኝ፣ ሄጄ ሾፌሩን እንድለምንለት ጠየቀኝ። አምቡላንሱ የሚቆምበት ከቤቴ መቶ እርምጃ አይሞላም። እኔ ግን "ደንብ ደንብ ነው፤ ማኅተሙን አስመትተህ ላክ" አልኩት። ደብዳቤው የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። ተቀብዬ አነበብኩት፤ ቀኑም ቁጥሩም የተሟላ ነበር፤ አንዲት ስሕተት አላገኘሁበትም። እሷ በዚያች ሰዓት ወንዙን ሳትሻገር፣ ቃሬዛው ላይ እንዳለች ከነፅንሷ አልፋ ነበር። አለኸኝ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሰም።

ከፈቀድክ ይህም ሳይቀር በእጄ ይጻፋል፤ ከሥሩም ስሜን አኖራለሁ። ሰኔ 8 መዝገቡን ይዘን እንመለሳለን። ደንቡ ይነሳል ብዬ አልምልልህም፤ ኃላፊው ወደ በላይ አስተላልፋለሁ ነው ያለው። የሁዜይፋ ምራት ሀናን ግን በሰኔ መጨረሻ ትወልዳለች፤ ቤቷም ከአልታዬ ቤት አጥር ለአጥር ነው።

ፈቃድህንም ሆነ እምቢታህን በጽሑፍ ላክልኝ። በስልክ አትንገረኝ፤ ድምፅህን ከሰማሁ መለመኔ አይቀርም፣ መለመን ደግሞ አይገባኝም።

በለጡን ሳምልኝ። ልጅህን ጋሹን፣ ሚስቱን ሄለንንና ልጆቻቸውን በየስማቸው ሰላም በልልኝ። ሁዜይፋ ሰላም ብሎሃል። አለኸኝም ሰላም ብሎሃል፤ የምጽፍልህን ግን አያውቅም። በመዝገቡ ላይ በአልታዬ ስም ፊት የነበረውን የፈጣሪ ፈቃድ የሚል ቃል ሰርዤዋለሁ፤ ቦታው እስካሁን ባዶ ነው።

እህትህ ብርሀንነሽ

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.