ድንቻችንን የሚሸጥልን ስልክ

ለልጅ ልጄ ለአሳየች፤ ጎሬ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ታላቅ ዜና አለና ቆመሽ እንደሆነ ተቀመጪ። የፊት ጥርሴ ወልቋል። አያትሽ ታደለች ማዘን ሲገባት፣ «እንደ ሕፃን ጣሪያ ላይ ወርውረው» አለችኝ።

ለመሆኑ አንቺ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? የጎሬ ዝናብ አባራ ወይስ አሁንም ጫማሽን ጭቃ ይነጥቅሻል? ተማሪዎችሽ ይፈሩሻል ወይስ እኔ እንደማደርገው ይስቁብሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ስናገር አፏጫለሁ።

ዘንድሮ የገበሬ ማኅበራችን ድንች አምሮበት ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሾላ ገበያ በድንች ተጥለቀለቀና የሚገዛን ጠፋ። መጋዘን ያለው ማቆጥቆጥ ጀመረ። ከበሰበሰ የዓመት ልፋታችን ገደል መግባቱ ነው። ሊቀመንበራችን ጓድ በዳዳ፣ «ለሆቴሉም ለሆስፒታሉም በስልክ እየደወልን እንሽጥ» አለ። በሰፈሩ ስልክ ያለው ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ አቶ ዓምደ ሚካኤል ቤትና ሟች ባሏ የቴሌ ሠራተኛ የነበረው የወይዘሮ ብዙነሽ ቤት ብቻ ነው። ከየትኛው ይደወል? ስብሰባው ለሁለት ተከፈለ። ዓምደ ሚካኤል፣ «እኔ ዳኛ ፊት የተናገርኩ ሰው ለወጥ ቤት አንሳለሁ?» አለ። ብዙነሽ «ሞክሩኛ!» ብላ ተቀመጠች።

እኔም ልሞክራቸው ቆረጥኩ። ስለ ድንቹ የሚጠይቅ ሰው ሊደውል እንደሚችል ተነግሯቸዋል። ጥርሴ ድምፄን ለውጦልኛል ብዬ ሾላ ወርጄ ስልክ ካለው ከነጋዴው ከሙክታር ሱቅ ደወልኩና የሆቴል ግዢ ኃላፊ ሆንኩ። ዓምደ ሚካኤልን «ድንቻችሁ ደቃቅ ነው አሉ» ብለው፣ «ማነው ያለህ? ምስክር ጥራ!» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ብዙነሽ ግን፣ «እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ ደቃቅም አለበት፤ ትልቁን ለጥብስ ትንሹን ለወጥ ለይቼ ልላክልዎ» አለች። «ይመራል አሉ» ብላት፣ «አንድ ኬሻ ይቅመሱ፤ ካልጣመዎ ያመጣው አህያ ይመልሰዋል» አለችኝ። እኔ ስከራከር እሷ ስታባብል፣ በመጨረሻ «በይ ላኪልኝ» አልኩ። «እሺ ጌታዬ፤ ለእትዬ ታደለች ሰላም በሉልኝ» አትለኝም! ትንፍሽ ሳልል ስልኩን በክብር ዘጋሁ።

በማግስቱ አህያው ደጃችን ቆመ። ታደለች ኬሻውን ስታገላብጠው አፉ የተሰፋው ለመጋዘኑ ስናስረክብ ራሷ በሰፋችበት ክር ነው። ብዙነሽ የራሴን ድንች ሸጠችልኝ! ስብሰባው ላይ ተነሥቼ፣ «ለእኔ የራሴን ድንች የሸጠች ሴት ለማን የማትሸጠው አለ?» ብዬ እንደዚያው እያፏጨሁ ነገርኳቸው። ሳቁ አላባራ ብሎ ዓምደ ሚካኤልም እጁን ለእሷ አወጣ። ከዚያ ወዲህማ ምን ልበልሽ፣ የሆቴል መኪና፣ የሆስፒታል መኪና ዳገታችንን ሲያጓራ ሰነበተ። ከዘሩ በቀር መጋዘኑ ባዶውን ተጠርጓል!

አያትሽ ታደለች ጉንጭሽን ትስማለች። አጎትሽ ተሾመ ከነባለቤቱ ከሣራ በጣም ናፍቀውሻል። ብዙነሽም «ድንች ካማራት ትደውል» ብላለች።

አያትሽ ፀሐዬ
የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ
ኅዳር ፳፰ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ከጻፍኩልሽ ውስጥ አንዷ ፈጠራ ናት፤ ስልኩን ትንፍሽ ሳልል ዘጋሁ ያልኩሽ። ለታደለች ሰላም በሉልኝ ስትለኝ «እሺ፣ አደርሳለሁ» ብያታለሁ።